ከግድቡ የወጣ ጨው

ማክሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2002

ሚዛኑን እየፈተንኩ ነው። ባለ አንዱን፣ ባለ ሁለቱን፣ ባለ አምስቱን ብረት በየተራ ሰቅዬ አየሁ። ልክ ነው። መንጠቆው ዝጓል፤ በነጭ ጋዝ ጠረግሁት። የወረዳው ግብርና ጽ/ቤት ውስጥ ሚዛን የሚፈትን ሌላ ሰው ስለሌለ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ደብተሬ፣ ጉዳዩን አንድ ጊዜ በቅጡ ላስፍርልህ፤ ከዚህ በኋላ በቁርጥራጭ እጽፋለሁ። ከሮብ ገበያ በታች ያለው ግድብ ውሃ ከያዘ በኋላ መ/ቤታችን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት ጨመረበት። አሁን ዓሣ አለ። ሁለት የወጣት ማኅበራት የማጥመድ ፈቃድ ጠየቁ። ውሃው ግን ለሁለት አይበቃም። ኃላፊያችን አቶ ሙሉነህ ይወዳደሩ አሉ። አንድ ቀን፣ ከንጋት እስከ ቀትር፣ በክብደት የበለጠ ያጠመደው ማኅበር ፈቃዱንና አዲሷን ጀልባ ይወስዳል። የተሸነፈው ከውሃው ይወጣል። ዳኞች ሦስት ነን፦ አቶ ሙሉነህ ሰብሳቢ፣ እኔ በዓሣ ባለሙያነት፣ መሪጌታ ጥበቡ በሀገር ሽማግሌነት።

ሐሳቡን አልወደድኩትም። ፈቃድ በጥናት እንጂ በሩጫ አይሰጥም። በጽሑፍ አስታወቅኩ። መልስ የለም።

ሐሙስ፣ ጥር 20

ግድቡ ዳር ዋልኩ። ውሃው ቀዝቃዛ፤ የጮቄ ተራራ ብርድ ወርዶ ይተኛበታል። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው። እዚህ ከመዳፍ ብዙም አያልፍም።

የሺን አነጋገርኳት። የታችኛው ማኅበር ሰብሳቢ ናት። የአባቷ የገብስ ማሳ ዛሬ የግድቡ ወለል ነው፤ የአባላቱ ሁሉ እንደዚያው። መሬት የላቸውም፤ ያላቸው ከላዩ የተኛበት ውሃ ብቻ ነው። በመንጠቆ ያጠምዳሉ፤ ማታለያው የገብስ ሊጥ። አባቷ እዚህ ገብስ ይዘራ ነበር፣ እሷ ደግሞ ለዓሣ ታጎርሳለች፤ ራሷ ተናግራ ራሷ ሳቀች። ብትሸነፉስ አልኳት። ሳቁ ቆመ። ቆላ እንወርዳለን አለች፤ የቀን ሥራ ፍለጋ፤ ወባው ከማረን። ሁለት ልጆች አሏት። እርስዎ ነው የምትለኝ።

ጌትነትም ነበር። የላይኛው ማኅበር፤ ዲፕሎማ ያላቸው ሥራ አጦች። አዲስ መረብ፣ የተከራዩት ጀልባ፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ። ጋሼ እያለ ቦርሳዬን ከእጄ ተቀበለ። ለክልል እንግዶች የሚታየው “ሞዴል” ማኅበር የእሱ ነው። ንግግሩ የተስተካከለ፤ ፈገግታውም። እስካሁን የማወጣለት እንከን የለም።

ማክሰኞ፣ ጥር 25

የውድድር ደንብ ስብሰባ። የኔታ ጥበቡ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ክፍሉ ውስጥ አንድም ዓሣ ሳይኖር ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው። ይህን ፍጥረት ማን እንደሚያርደው ጠየቁ። አይታረድም፣ ከውሃ ሲወጣ ይሞታል አልኩ። “እንግዲያ በክት ነዋ!” አሉ። አቶ ሙሉነህ ሳቁ። የኔታ ግን አልሳቁም። ክብደቱን ብቻ ነው የምንዳኘው ስላቸው፣ ሚዛኑን ከሩቅ ሆነው እንደሚያነቡት፣ እንዲነኩት ግን ማንም እንዳይጠይቃቸው አስጠነቀቁ።

ቀኑንም ተቃወሙ፤ ቅዳሜ 29 በዓለ ወልድ ነው። የጽ/ቤቱ ቀን መቁጠሪያ በዓለ ወልድን አያውቅም ተባለ። አለፈ።

እኔ አንድ አንቀጽ አቀረብኩ፦ ለሚዛን የሚቀርበው ዓሣ በሕይወት ያለ ይሁን። አቶ ሙሉነህ ሰረዙት፤ በመረብ የተያዘ ይሞታል አሉ። እውነት አላቸው። “በዕለቱ ከግድቡ የተያዘ” በሚል ቀረ።

ቅዳሜ፣ ጥር 29

እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። አሁንም ይሸታል።

በሥርዓት ልጻፍ። የበዓል ቀን ስለሆነ ገበሬው በሬ አልጠመደም፤ ዳገቱ በሰው ተሞላ። እንግዶች፣ ካሜራ፣ ድንኳን። ቀትር ላይ ፊሽካ ተነፋ። መጀመሪያ የነየሺ። ሸራው ላይ ሲዘረገፍ ይዘል ነበር፤ አንዱ ተፈናጥሮ የኔታ እግር ሥር ወደቀ። የኔታ ዘለሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ “የኔታ፣ ይባርኩት እንጂ!” የሚል ድምፅ ከኋላ። አሥራ አራት ኪሎ ከሩብ።

ቀጥሎ የነጌትነት። ሁለት ማዳበሪያ። ትልልቅ፤ የአንዳንዱ ርዝመት ሁለት መዳፍ። እልልታ። እኔ ግን እንቅስቃሴ ፈለግሁ፤ የለም። ከሃምሳ ዓሣ አንድ የሚወራጭ ጅራት የለም። ዓይናቸው የጎደጎደ፣ መተንፈሻ ስንጥባቸው ቀይ መሆን ሲገባው የቆየ ጉበት የመሰለ። ጌትነትን ጠየቅኩት። ጎህ ሲቀድ ነው የገቡት፣ መረብ ውስጥ ቆዩ አለ። አንዱን በጅራቱ አንጠለጠልኩ። ከአፉ ጠጠር ወጥቶ ጫማዬ ላይ ተበተነ።

 ከዚያ ሳቅ። ጌትነትም አብሮ ሳቀ፤ “ያው ከሥር የሚቅመው ነው፣ ጋሼ” አለ። ቆሮሶ ጠጠር በእፍኝ አይቅምም። ይህንኑ ተናገርኩ። አቶ ሙሉነህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ካሜራውን እያዩ፣ ጠጠሩ ይቀነስና ይመዘን አሉኝ። በሕዝብ ፊት የሃምሳ በድን ጉሮሮ በጣቴ ጠረግሁ። ቀዝቃዛ፣ የሚሟልጭ፣ ከውስጡ ድንጋይ የሚተፋ። ሁለት ኪሎ ተኩል ጠጠር ወጣ። የቀረው አሥራ ዘጠኝ ተኩል። አሸነፉ ተባለ። ጭብጨባ።

ያንገሸገሸኝ ጠጠሩ አይደለም። ጠጠሩ ከታየ በኋላ መጨብጨባቸው ነው።

ሳልመረምር አልፈርምም አልኩ። አቶ ሙሉነህ ፈገግ ብለው እስከ ረቡዕ ፈቀዱልኝ፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ረቡዕ፣ ሮብ ገበያ ላይ ነው። የኔታ ደግሞ ባለሙያው ሲፈርም እፈርማለሁ አሉ። ሚዛኑን ስሰበስብ የሺ በአጠገቤ አለፈች። ለጓደኛዋ፣ ግን እኔ እንድሰማው፦ “ሚዛኑን የያዘው ማን ሆነና!”

የነጌትነትን አንድ ዓሣ በፌስታል ይዤ መጣሁ። ሆድ ዕቃውን ላየው ነው።

እሑድ፣ ጥር 30

ቅበላ። ግቢው ሥጋ በሥጋ። የእኔ ቤት ግን ዓሣ በሳፋ። ሆዱን ከፈትኩት፤ የበላው ነገር የበሰበሰ የውሃ አረንጓዴ፣ አልጌ የሚሉት ነው፣ ለማስረጃ አይሆንም። የቤት አከራዬ እትዬ ጥሩ በር ላይ ቆመው ነገ ጾም እንደሚገባ፣ ይህን ጉድ ከግቢያቸው እንዳወጣላቸው፣ ካልሆነ ከነሳፋው እንደሚያስወጡኝ ነገሩኝ። አንድ ቀን ይታገሱኝ አልኩ። “ለዓሣ ነው ለአንተ?” ብለው ሄዱ።

እስከ ነገ እንዳይበላሽ ምን ላድርግ? ሳላስብ እጄ ወደ ጨው ዕቃው ሄደ። ሥጋ የሚያድረው እንደዚያ ነው፤ ቋንጣ የማያውቅ ቤት የለም። ቆንጥሬ፣ የስንጥቡን ክዳን ገልጬ ልቀባ ስል፣ ጨው አለ።

የእኔ ጨው ገና በጣቶቼ መካከል ነው። ስንጥቡ እጥፋት ውስጥ ግን ሌላ፣ ሻካራ፣ የረጠበ ጨው ተጣብቋል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩ። ተፋሁ። እንደገና ቀመስኩ። ጨው ነው።

የእኔን ወደ ዕቃው መለስኩ፤ ዕቃውን ከደንኩ፤ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩ።

ጎህ ሲቀድ የተያዘን፣ ቀትር ላይ የሚመዘንን ዓሣ ማንም በጨው አያሽም። የሚታሸው የሚያድር ነው። ስለዚህ አድሯል። ትልቅነቱ ከዚህ ብርድ ውሃ አለመሆኑን ይናገራል፤ ከባሕር ዳር ገበያ በሚኒባስ የመጣ ነው። ጨው ሲታሽ ውሃውን መጠጠው፤ ዓሣው ቀለለ። ጠጠሩ ለዚህ ነው! ደንቡን ብቻ ሳይሆን የገዛ ጨዋቸውንም ለማታለል። ከዚያ ግድቡ ውስጥ አለቅልቀው፣ አርጥበው አቀረቡት፤ ስንጥቡ ውስጥ ያለውን ግን ማን አስታወሰ።

የባሕር ዳር ዓሣ አጥማጅ ቢሆን ይህን አይሳሳትም። ዓሣን እንደ በግ ሥጋ የሚያሽ የደጋ ሰው ብቻ ነው። እንደ እኔ ያለ።

ሰኞ፣ የካቲት 1

ጾም ገባ። አቶ ሙሉነህ ቢሮ፤ በሩን ዘግቼ አስረዳኋቸው፤ በቅደም ተከተል። እስክጨርስ አዳመጡ።  ከዚያ ስለ ሁለተኛ ዲግሪዬ ጠየቁ፤ የድጋፍ ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ ነው፣ ሊፈርሙበት ነበር፣ እስክሪብቶ እንኳ አንስተው ነበር። እንግዶቹ ተደስተው ሄደዋል። ምስሉ ተልኳል። “አንተ ልጅ፣ ዓሣ ቀምሰህ ልትከሰን ነው? ያውም በጾም?” አሉ። የቀመስኩት ትናንት ነው አልኩ። ይህን ስመልስ ራሴን ታዘብኩ፤ የምከራከረው ስለ ቀኑ ሆነ።

ከሥራ ስመለስ ጌትነት ግቢው በር ላይ ይጠብቀኛል። አልደበቀም፤ ይህም ያስጸይፋል። እናቱ ናቸው አለ። ዓሣው ዓርብ ሲመጣ እሱ መረቡን ለማስተካከል ወጥቷል። እናቱ ሥጋው እንዳይበላሽበት ሩኅሩኅ ሆነው እያንዳንዱን አሽተው ጠበቁት። “እማዬ ናት ጉድ የሠራችን!” ብሎ ሳቀ፤ እንደ ቀልድ፤ እኔም እንድስቅ ትንሽ ጠበቀ። አልሳቅኩም። እነየሺ መጻፍ እንኳ አይችሉም፣ ፈቃዱን ምን ያደርጉታል፣ እኛ እናሳድገዋለን፣ እነሱንም በቀን ሥራ እንቀጥራቸዋለን አለ። በገዛ አባታቸው ማሳ ላይ! ይህን በሕዝብ ፊት ትደግመዋለህ ወይ አልኩት። ምኑን ጋሼ? አለ። ፊቱ ወዲያው ሌላ ሆነ። ስለ ምን እንደማወራ የማያውቅ ሰው ፊት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 2

ረጅም ቀን። ዓሣውን በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ በጠዋት ሚኒባስ። ገና ሳንነሳ አንዲት ሴትዮ “የምን ሬሳ ነው የጫናችሁት?” አሉ። ረዳቱ አሽትቶ እኔ ጋ ደረሰ። ዓሣው ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ለብቻው ሂሳብ ከፈልኩለት። ሮብ ገበያ እስክንደርስ ማንም ወደ እኔ አልዞረም።

የሺ ደጃፏ ላይ መንጠቆ ትቋጥራለች። አልተነሳችም። ከግድቡ የወጣ አንድ ትኩስ ዓሣ ሽጭልኝ አልኳት። “ምን ቀረህ? የበላኸው አልበቃህም?” አለች። አንተ አለችኝ። ከእርስዎ ወደ አንተ የወረድኩት በአንድ ሚዛን ነው። አስረዳኋት። አላመነችም፤ ዓሣውን ግን እግሬ ሥር ወረወረችልኝ።

በምድጃዋ ሠራሁት። የሁለቱንም ስንጥብ በእኩል ንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ፣ በሁለት ሳህን ለየብቻ አትንኜ አደረቅሁ። ቤቱ ገማ። ልጆቿ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። በመጨረሻ፦ የእሷ ሳህን ላይ እንደ ጥላ ያለ ቡናማ እድፍ። የጌትነት ሳህን ላይ ነጭ ቅርፊት። የሺ ሁለቱን ሳህኖች ለረጅም ጊዜ አየች።  ከዚያ ፌስታሉን ከነዓሣው ከእጄ ወስዳ እሳት ውስጥ ጣለችው።

ሳህኖቹን ይዤ ወደ የኔታ ጥበቡ። ከዳኞች ሁለታችን ካልፈረምን ውሳኔ የለም፤ የእሳቸው ዓይን ያስፈልገኛል። ከጎጇቸው ውጭ ተቀምጠዋል፤ በቅሏቸው አጠገባቸው ታስራለች። ይቅመሱ ልላቸው አልችልም፤ ጾም ነው፣ ያውም ዓሣ የነካው። ወደ ሳህኑ እንኳ አልቀረቡም። ነጩ ነገር ጨው ለመሆኑ በምን አውቃለሁ፣ አመድም ነጭ ነው አሉ። ልክ ናቸው። ይህን አላሰብኩበትም።

ከዚያ ራሳቸው መላ አመጡ። ሁለቱንም ለበቅሎዋ አቅርብላት አሉኝ። አቀረብኩ። የየሺን ሳህን አሽትታ ተወችው። የጌትነትን ላሰች። ላሰች። ሳህኑን እንደ መስተዋት እስኪያበራ ላሰችው፤ ከዚያ እጄን ፈለገች።

የኔታ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ነጠላቸው ከአፍንጫቸው ወረደ። እኔ ባዶ ሳህን ይዤ ቆሜአለሁ። ሦስት ቀን ከዝንብና ከእትዬ ጥሩ የጠበቅሁት ማስረጃ በቅሎ ሆድ ገባ። የቀረው ዓሣ የለም፤ የሺ ምድጃ ውስጥ ነው። “ልጄ፣ አትዘን፤ ማስረጃህ ሲዋጥ አይቻለሁ፤ ነገ ያየሁትን እናገራለሁ” አሉኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 3

የተደረገው ይህ ነው። ገበያው መሐል፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ፈቃዱ ተዘርግቷል። አቶ ሙሉነህ ንግግር ጀመሩ። ተነሣሁ።  ሁሉንም ተናገርኩ፦ ጨዉን፣ ጠጠሩን፣ በቅሎዋን። በቅሎዋ ላይ ስደርስ ገበያው ሁሉ ሳቀ። ማስረጃውን አሳየን አሉኝ። የለም አልኩ። አቶ ሙሉነህ እጃቸውን ዘረጉ፤ እንግዲህ አያችሁት እንደ ማለት።

የኔታ ተነሡ። ያዩትን ብቻ ተናገሩ፤ አላስጌጡም፤ አንድ ቃል አልጨመሩም። ሳቁ ቆመ። ጌትነት ግን አልተበገረም፤ ዓሣውን ቤቱ ያሳደረው ባለሙያው ነው፣ ጨዉን እሱ ራሱ ቢያደርገውስ፣ ማን አየ? አለ። ትኩር ብሎ ዓይኔን እያየ። ሰኞ በራፌ ላይ ስለ እናቱ የነገረኝ በዚሁ አፍ ነው።  የነገረኝን ተናገርኩ። ካደ። እናቱን በስም ልጠራ አልቻልኩም፤ ገበያው ውስጥ ሽንኩርት እየሸጡ ነበር፤ ዓይናቸው እኛ ላይ ነው። ምንም ያጠፉት የለም።

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ያኔ የሺ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ምስክርም፣ ሳህንም፣ በቅሎም አልፈልግም አለች። “ዓሣው ከዚያ ውሃ ከወጣ፣ ነገም ይወጣላቸዋል። እንደገና እንግባ!” አለች። ገበያው ጮኸ። አቶ ሙሉነህ ወዲያና ወዲህ አዩ።  ቅዳሜ ይደገም ተባለ፤ በሁለቱ ዳኞች ጥያቄ ብለው አስመዘገቡ። ጌትነት እሺ ለማለት ዘገየ። ሁሉም መዘግየቱን አየ።

የሺ አንድ ነገር ጨመረች፦ ከእያንዳንዱ ማኅበር ጋር፣ ጀልባ ላይም ቢሆን፣ ዳኛ ይቀመጥ፤ ከንጋት እስከ ቀትር፤ ዓሣው ከውሃ ሲወጣ የሚያይ። የኔታ በሳቅና በድንጋጤ መካከል ሆነው እጃቸውን አወዛወዙ፤ እሳቸው ዳር ላይ ሆነው የነየሺን መንጠቆ ይቆጣጠራሉ ተባለ፤ እነሱ የሚያጠምዱት ከዳር ነው። በጌትነት ጀልባ ላይ ማን ይቀመጥ ሲባል፣ የሺ ወደ እኔ በጣቷ አመለከተች። “እሱ” አለች። መተማመን ይሁን ቅጣት አላወቅሁም።

ሐሙስ፣ የካቲት 4

ቢሮ። የድጋፍ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ የለም። አልጠየቅሁም። ቅዳሜ መኪና የለም ተባልኩ። በሚኒባስ እሄዳለሁ። ነገ እዚያው አድራለሁ።

አቶ ሙሉነህ ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። በለዘበ ድምፅ፦ ጀልባ ላይ መውጣትህ ግዴታ አይደለም፣ ታመምኩ ብትል ውድድሩ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል፣ ያኔ ሁሉም ይበርዳል። ሲበርድ እነየሺ ቆላ ወርደው ይሆናል፤ ይህን አላሉም፤ ሁለታችንም አወቅነው። አስብበት አሉኝ። አሰብኩበት።

ደብተሬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ስለ ዓሣ አራት ዓመት ተምሬአለሁ፤ ሐይቅ ለክቻለሁ፣ ውሃ መርምሬአለሁ፤ ሁልጊዜ ከዳር። ዋና አልችልም። ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ውሃው መሐሉ ላይ የየሺ አባት ማሳ የነበረበት ቦታ ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ በሚገባ አውቃለሁ፤ የለካሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ንጋት ላይ ደግሞ አጠገቤ የሚቀመጡት አራት ሰዎች ትናንት በገበያ መሐል ያዋረድኳቸው ናቸው። ማንም ክፉ ይሠራል አልልም። አይሠራም ልልም አልችልም። ፍርሃቴን በትክክል መዝግቤአለሁ።

ለአቶ ሙሉነህ ደወልኩ። ጤነኛ ነኝ፣ ጀልባው ላይ እሆናለሁ አልኩ።   ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ልብሴን እያዘጋጀሁ ነው። አንተን እዚሁ እተውሃለሁ፤ ውሃ እንዳይነካህ። አሁን እትዬ ጥሩ በር ላይ ናቸው፣ ዋና የሚችል ሰው በሰፈሩ እንዳለ ልጠይቃቸው ነው።